መኪናዎን ዝቅ ከማስደረግዎ በፊት እስከ ሻላ ይንዱት

አንድ ጠዋት ከቤትዎ ሲወጡ መኪናዎ በአንድ ጎኑ ተንበርክኮ ቢጠብቅዎ ምን ያደርጋሉ? እኔን የገጠመኝ ይኸው ነበር። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት የኋላ ግራ ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ፣ ጭነት ሊያራግፉለት እንደተንበረከከ ግመል አጋድሎ አገኘሁት። ሞተሩን ሳስነሣ ከሥሩ የሆነ ነገር ማጉረምረም ጀመረና መኪናው ቀስ እያለ ተነሥቶ ተስተካከለ። ልጆቼ ከመስኮት ሆነው አጨበጨቡ። እኔ ወጪውን አሰብኩ።

መኪናችን ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ፣ በጊዜው «ቅንጡ» የሚባል የቤተሰብ መኪና ነው። ሸጬ ልቀይር ብል እንኳ፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ እንደ ብዙ ሰው እኔም ያለኝን አድሼ ልኑር አልኩ።

የሚያጣድፍ ሌላ ጉዳይም ነበር። አማቴ ወገባቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ጎረቤታቸው ሻላ ሐይቅ ዳር ስላለው ፍል ውኃ ካወሩላቸው ወዲህ ደግሞ ሌላ ወሬ የላቸውም። ሐኪማቸውን ብንጠይቅ «ፈውስ ነው አልላችሁም፤ ለብ ያለ ውኃ ግን አይጎዳቸውም፤ መንገዱን ብቻ ተጠንቀቁ» አሉን። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ግማሹን ነው። «እንወስድዎታለን» ብዬ ቃል ገባሁ።

«ከተከፈተ አይቀር፣ ጋሼ…»

ጋራዥ የሄድኩት ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጋር ነው። መኪና ይወዳል። ጎማ ሳይታይ የሚሄድ መኪና ሲያልፍ ካየ ወሬውን አቋርጦ አንገቱን የሚያዞር ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲገባዎ ትንሽ ላብራራ። አብዛኛው የቤት መኪና ክብደቱን የሚሸከመው በብረት ሞላ ነው። የጭነት መኪናና ፒክአፕ ደግሞ ከኋላ ባሌስትራ አላቸው። እንደኛ ዓይነቱ ግን በሞላው ፋንታ አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት አለው። አደጋ ሲደርስ ከመሪው ላይ ከሚፈነዳው ኤርባግ ጋር አይምታታብዎ፤ ይኼኛው ከእያንዳንዱ ጎማ በላይ ተቀምጦ መኪናውን ይሸከማል። አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰር አየር ትሞላለች፤ በየጎማው ያለው ሴንሰር ከፍታውን እየለካ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ሰው ከኋላ ሲሳፈር ኋላውን ያነሣል፤ በፍጥነት ሲነዱ ዝቅ ይላል፤ ፒስታ ላይ አዝራሩን ሲጫኑ ከፍ ይላል። ከረጢቱ ግን ያው ጎማ ነው። አቧራና ሙቀት ያደርቁታል፣ ይሰነጠቃል፣ ሌሊቱን አየሩ ሾልኮ ያልቃል። የእኛው መኪና የተንበረከከው በዚህ ምክንያት ነበር።

ወጣቱ መካኒክ የተሰነጠቀውን ከረጢት አሳየን። የባለቤቴ ወንድም ዕድሉን አላሳለፈውም።

«ከተከፈተ አይቀር፣ ጋሼ፣ ዝቅ እናድርገው። 30 ሚሊ ሜትር ብቻ! ቸርኬውንም ከ19 ወደ 22 እንቀይረው። አዲስ ነው የሚመስለው።»

መካኒኩም ደገፈው። አሠራሩ ቀላል መሆኑን ነገረኝ። ሴንሰሩን ከጎማው ጋር የምታገናኘው ትንሽ ዘንግ በሌላ መጠን ትቀየራለች፤ ኮምፒውተሩ መኪናው ከፍ ያለ ይመስለውና አየር አስወጥቶ ዝቅ ያደርገዋል። ባጭሩ ኮምፒውተሩን መዋሸት ማለት ነው። እኔም ራሴን የዋሸሁት ያኔ ነው። ለባለቤቴ ስደውል «ለእማዬም መውጣት መውረዱ ይቀላቸዋል» አልኳት። እውነቱን ልንገርዎ? ያሸነፈኝ የጎረቤት ዓይን ነው።

እስከ ባቱ ድረስ

የሄድነው በጥቅምት፣ ቅዳሜ ማለዳ ነው። ስድስት ሰው፣ ሦስት ሻንጣ፣ የምግብ ሣጥንና የአማቴ ትራስ። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ያዝን።

ዝቅ ያለ መኪናን ማማት ከፈለጉ እዚህ መንገድ ላይ አይጀምሩ። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ይህ መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር አለው። ረጅም መኪና ክብደቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጥምዝ ላይ ወደ ጎን ይተኛል፤ ድንገት መስመር ሲቀይሩም ይወዛወዛል። ክብደቱ ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ይህ ይቀንሳል። የእኛም መኪና መሪውን ሳዞረው ወዲያው ይታዘዛል፤ ፍሬን ስይዝ እንደ ድሮው በአፍንጫው አይደፋም። የባለቤቴ ወንድም ከጎኔ ሆኖ ፈገግ አለ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ሞጆ ላይ ወጥተን ወደ ደቡብ የሚሄደውን አዲሱን ፈጣን መንገድ ያዝን። ግራና ቀኝ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ ራቅ ብሎ ግራር። ከአዲስ አበባ እስከ ሻላ ዳርቻ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ልጆቹ ሹራባቸውን አንድ በአንድ ሲያወልቁ ስምጥ ሸለቆ መግባትዎን ያውቃሉ። ባቱ ላይ ለምሳ ወርደን የተጠበሰ ዓሣ በላን።

እዚያ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። አማቴ መንገድ ከጀመርን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እሳቸው ድሮ መኪና ውስጥ ከተቀመጡ ቃሊቲን ሳያልፉ የሚያንቀላፉ ሰው ናቸው። «ደህና ነዎት፣ እማዬ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ ልጄ፤ ትንሽ ይነቀንቃል እንጂ» አሉኝ። ዓሣው ላይ ሎሚ እየጨመቅሁ ነበር፤ ብዙም አልሰማኋቸውም።

ከአስፋልቱ ስንወርድ

ከባቱ በኋላ ቡልቡላን ያልፋሉ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ላንጋኖ በግራዎ ይመጣል። ውኃው ቡናማ ነው፤ ሆኖም ቤተሰብ ሳይሰጋ የሚዋኝበት ሐይቅ ስለሆነ የአዲስ አበባ ሰው ይወደዋል። በስተቀኝ ደግሞ የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። በሩ ላይ ከፍለው፣ መንገድ የሚያሳይዎትን ጥበቃ ይዘው ይገባሉ። እዚያው አካባቢ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ስለሚታይ ልጆች ገና ሳይርቁ ይደሰታሉ።

ከበሩ በኋላ አስፋልት የለም። መንገዱ ሲለሰልስ አሸዋ ነው፣ ሲብስ የዝናብ ውኃ የቦረቦረው ቦይና ከመሬት ብቅ ያለ ድንጋይ ነው። ከፍታ የሚጨምረውን አዝራር ተጫንኩ። መኪናው ተነሣ፤ ግን የሚነሣው ከተዋሸው ከፍታ ላይ ስለሆነ ከድሮው ያነሰ ነበር። ጭነቱም ከባድ ነው። ኮምፕረሰሯ ስትታገል ቆይታ ሞቀችና ራሷን አጠፋች። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ፤ መኪናው ቀስ በቀስ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። እያንዳንዱ ቦይ ላይ «ድም!» ይላል። ፊት ለተቀመጥነው ድምፅ ብቻ ነበር። ከኋላ ጎማው አጠገብ ለተቀመጡት ግን በቀጥታ ወገባቸው ላይ የሚያርፍ ምት ነው። በመስተዋቱ ሳይ አማቴ በአንድ እጃቸው ከጣሪያው በታች ያለውን መያዣ፣ በሌላው ትራሳቸውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ትልቋ ልጄ «አባዬ፣ አያቴ እያለቀሰች ነው» አለች።

አቆምኩ። ውኃው ሊደረስ ሩቅ አልነበረም፤ ቁልቁል ከታች ሻላ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አማቴ ባለቤቴን ተደግፈው ወረዱና አንድ የግራር ጥላ ሥር ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«እናንተ ሂዱ፤ ልጆቹ ይዩ። እኔ ከዚህ አየዋለሁ» አሉ።

ማንም አልሄደም። ግማሽ ሰዓት ያህል አብረናቸው ተቀመጥን። የባለቤቴ ወንድም ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲወጣ አላናገረኝም። ከፊት ቀኝ ጎማው ጎን ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት ወጥቶ ነበር፤ ቀጭኑ ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ነው። ጎማውን ቀይረን፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ አስፋልቱ ተመለስን።

ሽማግሌው መካኒክ ያሳዩኝ

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ አንድ ወዳጄ ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰደኝ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናውን በሊፍት አስነሡና ከሥሩ አስገቡኝ። እርስዎም ዕድሉን ካገኙ ከሥሩ ይግቡ፤ ስለ መኪናዎ በአሥር ደቂቃ ብዙ ይማራሉ።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ከከረጢቱ አጠገብ ያለችውን የጎማ ድንጋጤ መከላከያ ነው። ተጨፍልቃ አብለጭልጫለች። «ይቺ የመጨረሻ መድን ናት። መኪናው እጅግ ሲወርድ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ብቻ ነው የተቀመጠችው። እናንተ ግን ሞላ አድርጋችሁ ስትነዱባት ከርማችኋል» አሉኝ። መኪና ዝቅ ሲል የጎማው መውጫና መውረጃ ቦታ ያጥራል። ጉድጓዱ ግን ያው ነው፤ አያጥርም። የተረፈው ምት ወደ ሰው ይሄዳል።

ሁለተኛ ጎማውን በእጄ አስዳሰሱኝ። በውጭ በኩል አዲስ ነው፤ በውስጥ በኩል ግን ጥርሱ አልቋል። ዝቅ ሲደረግ የጎማው አቋም ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ አላይመንት ካልተስተካከለ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት ደህና ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚያውቀው ጎማው ሲፈነዳ ነው።

ሦስተኛ ደግሞ እኔ ጨርሶ ያልጠረጠርኩትን ነገሩኝ። «ከረጢቱ ወይም ሞላው ይሸከማል፤ የሚያረጋጋው ግን ሾክ አብዞርበሩ ነው። የአንተ ሾክ አብዞርበሮች ዝቅ ሳይደረግም በፊት ሞተው ነበር። ጥምዝ ላይ ይወዛወዝ የነበረው ቁመቱ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ የሚያረጋጋው ስላልነበረ ነው።»

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ያስቸገረኝ የመኪናው ቁመት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያረጀው ሌላ ዕቃ ነው። ያረጀውን ሳልቀይር ያላረጀውን ነካሁ።

የሰንሰሩ ዘንግ ወደ ፋብሪካው መጠን ተመለሰ። ሁለቱ የኋላ ከረጢቶች፣ ኮምፕረሰሯ፣ አራቱም ሾክ አብዞርበሮችና የተበሉት ጎሚኒዎች ተቀየሩ። ቸርኬው ወደ 19 ተመልሶ ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ገባለት፤ መጨረሻ ላይ አላይመንት ተሠራ። የወጣውን ገንዘብ አልጽፍልዎትም፤ ባለቤቴም ይህን መጽሔት ታነባለች። ዝቅ ለማስደረግ ካወጣሁት ጋር ሲደመር ግን ጥፋቴን ሁለት ጊዜ እንደከፈልኩ ይቁጠሩት።

ሁለተኛው ጉዞ

በጥር ድጋሚ ወጣን። አማቴ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ያሳመነቻቸው ትልቋ ልጄ ናት። መኪናው ቆሞ ሳለ የመሳፈሪያውን አዝራር ስጫን ዝቅ አለላቸው፤ ከተቀመጡ በኋላ ተነሣ። ለመውጣት መውረዱ የሚያስፈልገው መላ መጀመሪያውኑ መኪናው ላይ ነበር!

ያው የክፍያ መንገድ፣ ያው ጥምዝ። መኪናው አሁን ከፍ ብሎም አልተወዛወዘም። ሞጆን ሳንደርስ ባለቤቴ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና በዓይኗ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። አማቴ ተኝተዋል።

ፓርኩ ውስጥ ስንገባ መኪናው ከፍ አለ፤ ቦዩን በቀስታ ወጥቶ ወረደ። ያቺን ግራር ስናልፍ አማቴ በእጃቸው አሳዩንና ሳቁ።

ሻላ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የሞላ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ስለሚደርስ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። ጎረቤቱ አብያታ በአንጻሩ ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ነው፤ ከዓመት ዓመት እየሸሸ የተወው ዳርቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከኮረብታው ላይ ሆነው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሲያዩ ልጆችዎ ጥያቄ ያበዛሉ፤ ይዘጋጁ።

ፍል ውኃው ከሻላ ዳር እንፋሎቱን እያጨሰ ይወጣል። ከምንጩ አጠገብ እንቁላልና በቆሎ የሚቀቅሉ ሰዎች ያገኛሉ። ስለዚህ ልጅ ከእጅዎ አይልቀቁ፤ ከምንጩ ሳይሆን ውኃው እየበረደ ወደ ሐይቁ ከሚወርድበት በታች በኩል፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቀው፣ በእጅዎ ሞክረው ይግቡ። አማቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እስከ ጉልበት ነከሩ። ወገባቸው ዳነ ብዬ አልዋሽዎትም። ያን ዕለት ግን ለመነሣት የማንንም እጅ አልጠየቁም።

እርስዎ ከመወሰንዎ በፊት

መኪና ዝቅ ማድረግ ኃጢአት አይደለም። ከከተማና ከፈጣን መንገድ የማይወጣ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው የሚጭን መኪና ካለዎት ደስ ሊልዎ ይችላል። ለቤተሰብ መኪና ግን እነዚህን ልብ ይበሉ።

መጀመሪያ ያረጀውን ይቀይሩ። ሾክ አብዞርበር፣ ጎሚኒና ጎማ አዲስ ሲሆኑ ብዙ ሰው «ዝቅ ይሁንልኝ» ያሰኘው ችግር ራሱ ይጠፋል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ የሚገዙ ከሆነም ሾክ አብዞርበርና የአየር ከረጢት ላይ አይቆጥቡ፤ ያረጀውን በሌላ ያረጀ መተካት ይሆናል።

ዝቅ ማድረግ ካለብዎ በዘንግ ማታለል ወይም ሞላ በማስቆረጥ አይሁን። ሞላው ሲቆረጥ አቅሙና አቀማመጡ ይበላሻል። ለመኪናዎ የተሠራ ሞላ ከሚስማማው ሾክ አብዞርበር ጋር ይግባ። ከዚያም አላይመንቱ፣ የፊት መብራቱ አቅጣጫና፣ ካለው፣ የካሜራው አቀማመጥ ይስተካከል። ለዓመታዊ ምርመራና ለኢንሹራንስ ችግር እንዳያመጣብዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ደረሰኝዎንም ያስቀምጡ።

የኤሌክትሪክ መኪና ከያዙ የበለጠ ይጠንቀቁ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው፤ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ከባድ ዕቃ ጣሪያ ላይ አይጫኑ፤ ከውስጥ፣ ከወለሉ ላይ፣ ወደ መቀመጫው አስጠግተው ያስቀምጡ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የፓርኩን መንገድ ሳይጠይቁ አይግቡ፤ አብያታ ዳር ነጩ መሬት ከላይ ደርቆ ከሥሩ ጭቃ ስለሆነ በመኪና አይጠጉት።

ከሁሉ በፊት ግን መኪናዎን እንዳለ ይዘው አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ይውጡ። ሲሄዱ ይንዱ፤ ሲመለሱ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥተው ከኋላ፣ ከጎማው አጠገብ፣ እናትዎ ወይም አማትዎ በሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጡ። እኔ ይህን ያደረግሁት በጥር ጉዞ ስንመለስ ነው፤ ከቡልቡላ እስከ ሞጆ። አማቴ ትከሻዬ ላይ ተኝተው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ መኪናውን ዞሬ አየሁት። አራቱም ጥግ እኩል ቆሟል። እርስዎም ይህን ይልመዱት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መልካም ጉዞ!